ሦስት መስመር ያለው ግድግዳ

በእኛ የእግር መሥሪያ ቤት፣ በመራመጃው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሦስት መስመሮች ከላይ እስከ ታች ተሰምረዋል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመለት ሰው ግድግዳውን በጎኑ አድርጎ፣ ተረከዙን ወለሉ ላይ ከተመታው ጣውላ ጋር አስጠግቶ ይቆማል። ከዳሌው ትይዩ ቱንቢ ይወርዳል። ክሩ ከመስመሩ ጋር ከገጠመ እግሩ ልክ ነው። ካልገጠመ ብሎኑ ይላላና እንደገና ይስተካከላል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ከየትኛው መስመር ጋር ነው የሚገጥመው?

አረንጓዴውን ያሰመሩት የቤታችንን አንጋፋ ባለሙያ ኡስታዝ ሙቅቢልን በወጣትነታቸው ያስተማሯቸው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ቀዩን ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ሌሎቹ አሰመሩ። ጥቁሩን ደግሞ ለጥቂት ሳምንት መጥቶ የተመለሰና እስከ ዛሬ በስልክ መስኮት የሚያስተምር አንድ አሠልጣኝ አሰመረው። ሁሉም መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማራችሁ?» ከዚያ የየራሳቸውን ያሰምራሉ። የፊተኛውን ግን ማንም አላጠፋውም። ዓደን ውስጥ እንግዳ በእጁ ሠርቶ የሄደውን ነገር ማጥፋት ነውር ነው። እናም ግድግዳችን ሦስት መስመር ይዞ ቀረ።

እኔ እዚያ ጠፍርና ቀበቶ የምሰፋ ሴት ነኝ። ልጄ ላያን የቆዳ ቁርጥራጭ በሚቀመጥበት ቅርጫት ውስጥ ትተኛለች፤ ከስፌት መኪናው ድምፅ ውጪ እንቅልፍ አይወስዳትም። ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ኢፍቲካር ነው፤ የሴቶችን እግር ስለምትሠራው ልጅ።

ኢፍቲካር የማዓላ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ወደብ ላይ ዓሣ ያራግፉ ነበር፣ ሞቱ። እናቷን ሐጃ ሸፊቃን የስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ወሰደባቸው። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እግር የሚለኩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ኢፍቲካር እናቷን ደግፋ አመጣቻቸው። ኡስታዝ ሙቅቢል ጀሶውን አርጥበው ሲጠብቁ፣ ሐጃ ሸፊቃ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«ወንድ ነው እኮ፣ ልጄ። ወንድ እግሬን ሊጠቀልል?»

«ሐኪም ነው በይው፣ እማዬ።»

«ሐኪምም ቢሆን ወንድ ነው።»

ኡስታዝ ሙቅቢል ደግ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ሰቅለው፣ ከቀሚሱ በላይ፣ በዳሰሳ ለኩ። እንዲህ የተሠራ እግር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ የሐጃ ሸፊቃ ጉማጅ እግር በሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ቀፎ ውስጥ ባልዲ ውስጥ እንደተጣለ ብርጭቆ ይንኳኳ ነበር። እግሩ ወደ ቤት ሄዶ ከበሩ ኋላ ቆመ። መጀመሪያ ሻርፕ ተሰቀለበት፣ ቀጥሎ ቀሚስ፣ ቀጥሎ የታጠበው ሁሉ።

ኢፍቲካር ያንን ልብስ የተሸከመ እግር እያየች ትወጣ ትገባ ነበር። ቤታችን ሴት ሠልጣኝ ይፈልጋል ሲባል በመጀመሪያው ቀን መጣች። ከሠልጣኞቹ አንዱ አብዱልቃዊ ይባላል፣ አፉ አያርፍም።

«እግር መሥራት የሴት ሥራ ነው እንዴ?» አላት።

«እናትህ ሁለት እግር ሠርታ አይደል የወለደችህ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አብዱልቃዊ ሻይ ያመጣላት ጀመር።

ሥልጠናው ግን ማንም እንደጠበቀው አልሆነም። አንዱ አሠልጣኝ መጥቶ ጀሶውን እንዲህ ጠቅልሉ ይላል፤ ሌላው መጥቶ ይህን ከየት አመጣችሁት ይላል። በስልክ መስኮት የሚያስተምረው ደግሞ ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትምህርቱ አልፏል። ኢፍቲካር ከሁሉም እየለቃቀመች ጎበዝ ሆነች። እጇ ጎበዝ ሆነ ማለቴ ነው፤ ልቧ ግን ሁልጊዜ እንደተምታታ ነበር። ሴቶች ከላህጅ፣ ከዳሌዕ፣ ከባሕሩ ዳር መንደሮች ሁሉ እሷን ብለው መጡ። መጋረጃ ያለው ክፍል ተሰጣት። አንድ ሴት እንኳ ቀሚሷን ጨምድዳ አልያዘችባትም።

ከእናቷ በቀር።

«አንቺ ባለሙያ ነሽ?» አሏት ሐጃ ሸፊቃ።

«ሁሉም ሴት በእኔ እጅ ነው የሚለካው፣ እማዬ!»

«እነሱ ሌላ ምርጫ የላቸውም። እኔ ግን አንዴ ተቃጥያለሁ። የሙያው ሰዎች በቅታለች ይበሉ፣ ያኔ እግሬን እሰጥሻለሁ። እስከዚያ በሌላ ሰው እግር ተለማመጂ።»

በዚያው ሰሞን የቤቱ ኃላፊ ሰበሰቡንና ወሬውን ነገሩን። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ፈታኝ ይልካል። ያለፈ ሰው በየትኛውም አገር የሚታወቅ ባለሙያ ይሆናል። ኢፍቲካር ካላለፈች ግን የሴቶቹ ክፍል ይዘጋል፤ የሚረዱን ሰዎች ዕውቅና የሌለው ሰው ብቻውን በሽተኛ እንዳይነካ ብለዋል። «ከተዘጋ ሴቶቹ ወዴት ይሂዱ?» ብዬ ጠየቅኩ። ኃላፊው ኡስታዝ ሙቅቢልን አዩ። ኡስታዝ ሙቅቢል ጣሪያውን አዩ።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ኢፍቲካር እኔ ዘንድ መጥታ የቆዳ ክምሩ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ የትኛውን መስመር ልያዝ?»

«እኔ ቀበቶ ሰፊ አይደለሁም እንዴ? ምን አውቃለሁ?»

«ኡስታዝ ሙቅቢል አረንጓዴ ይላሉ። የስልኩ ሰውዬ ጥቁር ይላል።»

«የማኅበሩ መመሪያስ?»

«ቀለም የለበትም። እያንዳንዱ እግር እንደ ተገልጋዩ አኗኗርና ፍላጎት ይስተካከል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!»

«ምኑ ነው ጥሩ? ይህ መልስ ነው? ይህ ማምለጫ ነው! እኔ ብሎን ነው የማጠብቀው። ብሎን ፍላጎት አያውቅም፤ ወይ ወደፊት ነው ወይ ወደ ኋላ።»

እኔም ግራ ገባኝ። ሁለታችንም ላያንን አየናት። እሷ የቆዳ ቁራጭ ታኝካለች።

«ቀዩን እይዛለሁ» አለች ኢፍቲካር በመጨረሻ።

«ለምን?»

«መሐል ስለሆነ።»

ፈታኟ ማዳም ናጅያ የቱኒስ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። እንደ ፈታኝ ይቆጣሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ ገና ሲገቡ ግን በወተት የፈላውን ሻያችንን ቀምሰው «ይህን ብቻ ብታስተምሩን ይበቃን ነበር» አሉ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ እኛ ጫማችንን ስናወልቅ አይተው እሳቸውም አወለቁ። አዳራሹ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ አለ፣ ሰላት ይሰገድበታል፤ ጫማ ይዞ የገባ ሰው አይተን አናውቅም። ሁሉንም በሽተኛ ባዶ እግሩን ነው የምናስሞክረው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ለፈተናው የቀረበችው በሽተኛ ተቂያ ናት፤ ከሞካ ወዲያ ካለ መንደር፣ እንጨት ለቅማ ስትመለስ ፈንጂ የረገጠች። የአርባ ዓመት ሴት ናት። በገጠር ደንብ ሁሉም ሰው «አንተ»ና «አንቺ» ነው፤ እኛም «አንቺ» እንላታለን፣ እሷም ኃላፊውን «አንተ» ትላለች። ኢፍቲካር ቀፎውን አሳምራ ሠርታላት ነበር። አልተንኳኳም፣ አልቆነጠጠም። ማዳም ናጅያ ጣታቸውን በጠርዙ ዙሪያ አዙረው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ቀበቶውን ለማሰር መጋረጃው ውስጥ ነበርኩ። ኡስታዝ ሙቅቢል ወንድ ስለሆኑ ከመጋረጃው ውጪ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

ተቂያ ግድግዳውን በጎኗ አድርጋ ቆመች። ቱንቢው ወረደ። ክሩ ቀዩ ላይ ልክክ አለ።

«አረንጓዴው ላይ ነው?» አሉ ኡስታዝ ሙቅቢል ከውጪ።

«ኡስታዝ፣ እባክዎ!» አለች ኢፍቲካር።

ተቂያ በመደገፊያ ብረቶቹ መሐል ሄደች፣ ተመለሰች። ብረቱን ለቀቀች። ያለ ድጋፍ ሄደች። ኢፍቲካር የብሎን መፍቻዋን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ጥሩ» አሉ ማዳም ናጅያ። «አሁን በጫማዋ ትሂድ።»

ሁላችንም የተቂያን ባዶ እግር አየን።

«ጫማዋ የታለ?»

ይህን ጥያቄ እዚያ ምንጣፍ ላይ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ኢፍቲካር እኔን አየች፣ እኔ መጋረጃውን አየሁ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰና የኡስታዝ ሙቅቢል እጅ ብቅ አለ፤ ከመጋዘን የተነሳ፣ በእርዳታ የመጣ ወፍራም የስፖርት ጫማ ይዟል።

«ይኸው ጫማ! አዲስ ነው!»

ለተቂያ አጠለቅንላት። አንድ እርምጃ ሄደች። በሁለተኛው ላይ ሰው ሠራሹ እግር ጉልበቷን ወደፊት ገፍቶ ሊጥላት ሲል ብረቱን አንቃ ያዘች።

«ኧረ! ማነው የገፋኝ?»

«ማንም አልገፋሽም፣ አክስቴ» አለች ኢፍቲካር። ፊቷ ጀሶ መስሏል።

«ተገፍቻለሁ እንጂ! ከኋላ ነው የገፋኝ!»

«ምን ሆነች? ወደቀች?» ኡስታዝ ሙቅቢል ናቸው፣ ከውጪ።

ማዳም ናጅያ መነጽራቸውን አደረጉ። የጫማውን ተረከዝ በጣታቸው ለኩት፣ ከዚያ ሰው ሠራሹን ቁርጭምጭሚት አዩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ምን እንደተፈጠረ እናውቅ ነበር።

«ሥራው ጥሩ ነው» አሉ። «ግን የተሠራው ለባዶ እግር ነው። ተረከዙ ከፍ ሲል ሁሉም ነገር ወደፊት ይደፋል። ለምን ለባዶ እግር አደረግሽው?»

«ሁላችንም... ቤት ውስጥ ባዶ እግራችንን ነው የምንሄደው። እዚህም እንደዚያው ነው። ምንጣፍ ነው።»

«እሷ ግን በምን ልትሄድ ነው ያሰበችው?»

ኢፍቲካር የቱንቢውን ክር በጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ጠይቀሻታል?»

«አልጠየቅኳትም።»

«እንግዲያ አሁን ጠይቂያት።»

ኢፍቲካር ወደ ተቂያ ዞረች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰለኝም። «አክስቴ፣ ይህን እግር አድርገሽ ምን ጫማ ልትለብሺ ነው ያሰብሽው?»

ተቂያ በአፍረት መሬት መሬት አየች። «ቦርሳዬን ስጡኝ» አለች። «በር ላይ ነው። ከጫማው ጋር።»

መጋረጃው ተንቀሳቀሰና የኡስታዝ ሙቅቢል እጅ አንድ የላስቲክ ቦርሳ አቀበለን። ተቂያ ከውስጡ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣች። ጨርቁ ሲፈታ ወርቅማ ቀለም ያለው ባለ ታኮ ጫማ ወጣ። ታኮው ሁለት ጣት ይሆናል። ሁለቱም አሉ፣ የቀኙም የግራውም።

«ልጄ ረመዳን ሲወጣ፣ በሸዋል ወር ታገባለች» አለች። «ይህን የገዛሁት ከፈንጂው በፊት ነው። ለልጄ ሠርግ ብዬ። በመጣሁ ቁጥር ይዤው እመጣለሁ። ግን በር ላይ አውልቁ ትላላችሁ፣ አብሬ ከጫማው ጋር አስቀምጠዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ኢፍቲካር።

«መቼ ጠየቅሽኝ? ደግሞ ምን ብዬ? እግር በነፃ ሰጥታችሁኝ፣ ለዳንስ ነው የምፈልገው ልበል?»

ማዳም ናጅያ ሳቃቸውን ዋጡት፤ እኔ አልቻልኩም። ኢፍቲካር ግን አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ያንን ወርቅማ ጫማ በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። ስንት ጊዜ ያ ጫማ ከእሷ ጫማ ጎን በር ላይ ተቀምጦ ውሏል!

«ዛሬ ላሳልፍሽ አልችልም» አሉ ማዳም ናጅያ። «ጥያቄው ከጀሶው በፊት መምጣት ነበረበት። ግን እስከ ነገ ከሰዓት እዚህ ነኝ። አስተካክለሽ አሳዪኝ። ቤት ውስጥስ ባዶ እግሯን ምን ልታደርግ ነው? እሱንም አስቢ።»

ሲሄዱ ሁላችንም ግራ ገብቶን ቀረን። ለሠርጉ ካስተካከልነው ቤት ውስጥ ወደ ኋላ ይገፋታል። ለቤት ከተውነው ሠርጉ ላይ ትወድቃለች። ኡስታዝ ሙቅቢል አሁን መጋረጃው ስለተከፈተ ገብተው ግድግዳውን አፈጠጡበት።

«አረንጓዴ ብታደርጊው ኖሮ...»

«አረንጓዴም ቢሆን በባዶ እግር ነው የሚለካው፣ ኡስታዝ! ሦስቱንም በባዶ እግር ነው የምንለካው!»

ኡስታዝ ሙቅቢል ጢማቸውን አሹ። «ስንት ዓመት ነው ጫማ በር ላይ የምናስወልቀው?»

«እኔ ከመወለዴ በፊት» አለች።

«የውጭዎቹ ሰዎች ሲያስተምሩኝማ ጫማ ነበር። አዎ... ምንጣፉ አልነበረም። ምንጣፉ ኋላ ነው የመጣው።» ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ቁጭ አሉ።

የእኔ ሐሳብ ትልቅ ሐሳብ አልነበረም። የቤት ውስጥ ሙያ ነው። የላያን አያት በክረምት ከሰላት በፊት ለውዱእ እግራቸውን እየታጠቡ እንዳይቸገሩ ከስስ ቆዳ ኹፍ እሰፋላቸዋለሁ፤ እግር ላይ እንደ ካልሲ ይጠለቃል፣ ቤት ውስጥም ምንጣፍ ላይም ይገባል፣ ማንም አውልቁ አይልም። «ኢፍቲካር፣» አልኳት፣ «ኹፉ ውስጥ ተረከዙ ጋ ሁለት ጣት ጎማ ባስገባበትስ? ለሁለቱም እግር። ቤት ውስጥም ታኮ እንዳደረገች ትሆናለች፤ ግን ጫማ አይደለም።»

«መመሪያው ላይ አለ?»

«እኔ መመሪያ መቼ አነበብኩ? ተቂያን ጠይቂያት።»

ኢፍቲካር ሄዳ ጠየቀቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ነገር በሽተኛ ሄዳ የምትጠይቅ ሆነች፤ አሁን አሁን እንደውም ታበዛዋለች።

በማግሥቱ ቁርጭምጭሚቱን ለወርቁ ጫማ አስተካከለችው። ጎማውን አብዱልቃዊ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ አመጣ፤ «ከፈለግሽ የእኔንም እግር ቁረጪ» እያለ። እኔ ኹፉን ሰፋሁ፤ ላያን አልቅሳ አልቅሳ በመኪናው ድምፅ ተኛች። ከሰዓት በኋላ ጫማው ምንጣፉን እንዳይነካ ከጣውላው ጀምሮ ሸራ ዘረጋንና ተቂያ በወርቁ ጫማ በሸራው ላይ ሄደች። ስትመለስ ትከሻዋን ትንሽ ነቅነቅ አደረገች፣ እንደ ሠርግ። ከዚያ ኹፉን አጥልቃ ምንጣፉ ላይ ሄደች። ማንም አልገፋትም።

ማዳም ናጅያ ኹፉን ገልብጠው ገለባብጠው አዩት።

«ይህን እንዴት እንደምመዝነው አላውቅም» አሉ። «በእኛ መመሪያ ውስጥ የለም። የሚከለክልም ነገር ያለ አይመስለኝም...» ቆም አሉ። «ጠይቀሻታል?»

«ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«ጥቁር ኹፍ አልፈልግም፣ ቡኒ ይሁን አለችኝ።»

ያኔ ነው የፈረሙት። እዚያው፣ ብረቱ ላይ ተደግፈው። ኢፍቲካር አልዘለለችም፣ አላለቀሰችም። ግድግዳውን በጣቷ አሳየቻቸው።

«አለፍኩ ማለት ነው?»

«አልፈሻል።»

«እንግዲያ ይንገሩኝ። ከሦስቱ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

ማዳም ናጅያ መነጽራቸውን አደረጉና ቀረብ ብለው አዩ። እኛ ሁላችን ተጠጋን፤ ኡስታዝ ሙቅቢል ከመጋረጃው ውጪ ሆነው።

«እንደሚመስለኝ» አሉ፣ «እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ጫፍ፣ ለአንድ ዓይነት የእግር መርገጫ የተሰመረ ነው። አንዱ ለእንጨቱ ጫፍ፣ አንዱ ለጎማው፣ አንዱ ለአዲሱ። ሰዎቹ ጫፉን ይዘው መጡ፣ ጫፉ አለቀ፣ መስመሩ ቀረ። እንደሚመስለኝ ነው እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። ያሰመሩትን ሰዎች መጠየቅ ነበረባችሁ።»

«እኛማ ልንጠይቃቸው ነበር» አሉ ኡስታዝ ሙቅቢል ከውጪ። «ማን አስተማራችሁ ብለው እነሱ ጠየቁን እንጂ!»

መስመሮቹን አሁንም አላጠፋናቸውም። ኢፍቲካር ከሥራቸው የትኛው ለየትኛው ጫፍ እንደሚሆን በእርሳስ ጽፋበታለች፤ ከጥቁሩ ሥር ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ፤ የስልኩ ሰውዬ ገና አልመለሰልንም። የሴቶቹ ክፍል ክፍት ነው። በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚለው ሥር «ጫማችሁን ግን ይዛችሁ ግቡ» የሚል ተጨምሯል፤ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁለቱን አንብቦ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ እኛ ወጥተን እናስረዳለን።

ኢፍቲካር ባለፈችበት ቀን ወደ ማዓላ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ላያንን አዝያለሁ። ሐጃ ሸፊቃ ዓሣ እየጠበሱ ነበር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው።

«አለፍኩ፣ እማዬ።»

«ማን አለ?»

«የማኅበሩ ሴትዮ።»

ሐጃ ሸፊቃ ዓሣውን ገለበጡ። ቆይተው ጋዙን አጠፉ። ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ፣ በገዛ እጃቸው፣ ሰበሰቡ። «እንግዲያ ነይ» አሉ።

ኢፍቲካር አልነካቻቸውም። ፊት ለፊታቸው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። «መጀመሪያ ልጠይቅሽ። ይህን እግር አድርገሽ ምን ጫማ ልትለብሺ ትፈልጊያለሽ?»

ሐጃ ሸፊቃ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ልጃቸውን አዩ። «ይህ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? ጫማ የለኝም። የቀኙን ሁሉ ለጎረቤታችን ለሰዒዳ ሰጠሁት፣ እሷ የተቆረጠባት ግራዋ ነው።»

«ግራውስ?»

«እሱንም ለፈለገ ሰጠሁት። ባንድ እግር ጫማ ምን አደርጋለሁ?»

«እንግዲያ ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ጫማ እንገዛለን። ከዚያ ነው የምለካሽ።»

«ጫማ ከእግር በፊት?»

«ከእግር በፊት።»

ሐጃ ሸፊቃ በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። ከበሩ ኋላ አሮጌው እግር ሁለት ቀሚስና የታጠበ ፎጣ ተሸክሞ ቆሟል።

«እሺ፣ እሱንስ ከወሰድሽብኝ» አሉ፣ «ልብሴን ምን ላይ ላንጠልጥል?»